የእማዬ ጣራና ሶስቱ ዋጋዎች

ሐምሌ 2017

ትናንት ማታ ዝናቡ ሲጀምር እማዬ ምንም ሳትናገር ተነስታ ሳፋውን ከጓዳ አመጣችና አልጋዋ ግርጌ አስቀመጠችው፣ መብራት እንኳን አላበራችም፣ ቦታውን በጨለማ ታውቀዋለች። አንጀቴ ተላወሰ። አምና ነሐሴ ላይ እኮ ይሄን ጣራ ከፍዬ አሰርቼዋለሁ።

አምና የሆነውን ልጻፈው። የመጣው ሰራተኛ ከነማቴሪያሉ 30 ሺ አለኝ፣ ተከራክሬ ተከራክሬ 22 ሺ አደረስኩት፣ ጎበዝ ነኝ ብዬ ለወንድሜም ሪያድ ደውዬ ነገርኩት። ያ 8 ሺ ብር ከየት ላይ እንደተቀነሰ ግን የገባኝ ዘንድሮ ነው።

ዘንድሮ ሶስት ሰው አስጠራሁ። የመጀመሪያው ግቢው ውስጥ ቆሞ ሽቅብ አየና 28 ሺ፣ ሬንጅ ቀብተን እንደፍነዋለን አለ። ሁለተኛው ማህተም ያለው ፕሮፎርማ ይዞ መጣ፣ 118 ሺ፣ ከስር በትንሹ ከቫት ውጪ ይላል፣ 15 ፐርሰንቱ ሲደመር ከ135 ሺ ያልፋል ማለት ነው። ሶስተኛው ጎረቤታችን ያመጡልን ሽማግሌ አናጢ ናቸው፣ ዋጋ ከመናገራቸው በፊት "መሰላል አለ ወይ?" ነው ያሉት።

ወጥተው ትንሽ ቆዩና "ልጄ ነይ ውጪ፣ በአይንሽ እዪው" አሉኝ። አንድ ምስማር ነቅለው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ፣ ጎማ የለውም። ደግሞ የተመታው ጎድጓዳው ላይ ነው፣ ውሃው የሚወርድበት ላይ ማለት ነው፣ የቆርቆሮ ምስማር ጉብታው ላይ ከነጎማው ነው የሚመታው አሉ። በዚያ ቀዳዳ ስንት ዝናብ እንደገባ ከስር ያለው ሞራሌ፣ ቆርቆሮው የሚመታበት እንጨት፣ ይናገራል፣ ጠቁሯል፣ ካቻቢቴውን ሲጫኑት እንደ ዳቦ ነው የገባው። ከዛ የአምናውን ቆርቆሮ በአውራ ጣታቸው ተጫኑት፣ ጎበጠ። ጎኑ ያለውን፣ አባዬ በህይወት እያለ ያስመታውን ሲጫኑት ንቅንቅ አላለም። ለካ ጌጅ የሚሉት የውፍረት ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፣ 32 ከ28 የሳሳ ነው፣ እኔ በተቃራኒው ነበር የሚመስለኝ። አምና ደረቅ ደረቁን ተከራክሬ ያወረድኩት ዋጋ ከቆርቆሮው ውፍረትና ከምስማሩ ጎማ ላይ ነው የተቀነሰው። አሸንዳውም ወደ ኋላ ዘሟል፣ አፈርና ቅጠል ሞልቶት ውሃውን ወደ ግድግዳው ይመልሰዋል፣ የመኝታ ቤቱ ልስን ለምን እንደሚረግፍ ያኔ ገባኝ።

ማታ ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ወንድሜ ስልክ ላይ ሆኖ አብረን አሰላን። የሚቀየረው ጎን 6 ሜትር በ3 ሜትር ተኩል ነው። አንዱ ቆርቆሮ 2 ሜትር ነው፣ ጎን ለጎን ሲደራረብ የሚሸፍነው 80 ሴንቲ አካባቢ ነው፣ ስለዚህ በወርዱ 8፣ በቁመቱ 2፣ በቃ 16። አናጢው ለሚቆረጠው ጨምረው 18 ብለዋል። ፕሮፎርማው ላይ 26 ነው የተጻፈው። ሰውየውን ሌባ አልለውም፣ ደውዬ ስጠይቀው የሰርቪሱንም ጣራ ቆጥሮት ነው፣ ኮርኒሱንም በሙሉ ቀይሮ ቀለም ጨምሮ ነው ያሰበው። ሶስቱም ሶስት የተለያየ ስራ ነበር የነገሩኝ፣ እኔ ደግሞ የመጨረሻዋን ቁጥር ብቻ እያየሁ ውድና ርካሽ እላለሁ። አሁን ለባለፕሮፎርማውና ለአናጢው አንድ አይነት ዝርዝር ሰጥቼ፣ የማቴሪያሉን ለብቻ የእጁን ለብቻ ጻፉልኝ ብዬ እንደገና አስመጣሁ፣ ባለፕሮፎርማው ወደ 89 ሺ ወረደ፣ አናጢው ጋር ማቴሪያሉን ራሴ ገዝቼ የእጅ 19 ሺ ተጨምሮ 71 ሺ ነው።

19 ሺውን አልተከራከርኩም። ወንድሜ ትንሽ አስቀንሻቸው አለኝ፣ እምቢ አልኩ። ከረዳታቸው ጋር አራት ቀን ጣራ ላይ ሊውሉ ነው፣ ከእጃቸው ላይ የቀነስኩት ተመልሶ እማዬ አልጋ ላይ እንደሚንጠባጠብ አምና አይቼዋለሁ። የተነጋገርነው አከፋፈሉን ነው፣ ሲጀምሩ 6 ሺ፣ ቆርቆሮው ተመቶ ሲያልቅ 8 ሺ፣ ቀሪው 5 ሺ አንድ ደህና ዝናብ ከዘነበ በኋላ። "እንዲያውም እኔ ልልሽ ነበር" አሉኝ፣ ይሄን ሲሉ ደስ አለኝ። በወረቀት ጽፈን ሁለታችንም ፈረምን፣ የጌጁ ቁጥር ሳይቀር አለበት።

ዛሬ መርካቶ ሄጄ ገዛሁ። ባለሱቁ ይሄ የዛሬ ዋጋ ነው፣ ለነገ አላውቅም አለኝ፣ አምና ሐምሌ ላይ የብሩ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ሁሉም እንደዚህ ነው የሚለው፣ ለዛ ነው አንድ ወር የቆየ ፕሮፎርማ ይዞ መሄድ ዋጋ የሌለው። ባለ 28 ጌጁን አንድ በአንድ በአውራ ጣቴ እየተጫንኩ አስቆጠርኩ፣ ልጁ እያየኝ ምንም አላለም። ምስማሩን ከነጎማው፣ ሞራሌውን ደረቅ መሆኑን አይቼ፣ በፒካፕ አስጭኜ መጣሁ።

አሁን አስራ ስምንቱ ቆርቆሮ ሳሎን ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። እማዬ የድሮ አንሶላ አምጥታ አለበሰችው፣ ሳፋው ግን አሁንም አልጋዋ ግርጌ ነው። ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይመጣሉ፣ ከሰዓት ስለሚዘንብ ሰዓት አናባክንም ብለዋል፣ እኔም ከስራ ፈቃድ ጠይቄያለሁ።