በቻምፒየን ኸርድል ማን ያሸንፋል ብለን ስንከራከር

ማርች 11 ቀን 2025 እንግሊዝ ውስጥ ቼልተናም ላይ፣ ቻምፒየን ኸርድል በተባለው የፈረስ መሰናክል ውድድር፣ ስቴት ማን የተባለው ፈረስ ወደ መጨረሻው መሰናክል ሲቃረብ የሚያሰጋው ፈረስ አጠገቡ አልነበረም። የ2024 ሻምፒዮን ነው፤ ዋንጫውን ለሁለተኛ ጊዜ ለመውሰድ የቀረው አንድ ዝላይና የዳገቱ ሩጫ ብቻ ነበር። ዘለለ፣ ወደቀ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ አምስተኛው መሰናክል ላይ፣ አብዛኛው ሰው ያሸንፋል ያለው ኮንስቲቱሽን ሂል ወድቋል። ዋንጫውን የወሰደችው 25 ለ 1 (አንድ ብር ላስያዘ 25 ብር ትርፍ) የተገመተችው ባዝራ ጎልደን ኤስ ናት፤ ሁለተኛ የወጣውን በርዴት ሮድን በዘጠኝ የፈረስ ርዝመት ጥላው ገባች። (ቀኑም ዓመቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

«ዕድል ነው» ብሎ ማለፍ ይቀላል። እኔ ግን አልቀበለውም። ከውድድሩ በፊት የነበረው ክርክር በአብዛኛው «ማን ይፈጥናል?» የሚል ነበር። ፈረሱ በሽምጥ ላይ ሳለ እንዴት ይዘላል፣ ግልቢያውን ማን ያከረዋል፣ የክብደቱ ልዩነት ምን ያህል ያግዛል የሚሉት ጥያቄዎች ተገቢውን ቦታ አላገኙም። ይህን ውድድር የሚወስኑት ደግሞ እነሱ ናቸው።

መጀመሪያ መሰናክሉን እንየው። የኛ ሰው መሰናክል ሲባል ቶሎ የሚመጣለት የ3 ሺህ ሜትሩ ሩጫ ነው፤ የሩጫው ሐሳብም የተወሰደው ከፈረስ ውድድር ነው። በአትሌቲክሱ አግዳሚው እንጨት ቋሚ ነው፣ ሯጩ ሊረግጠው ይችላል። የፈረሱ ኸርድል ግን ወደ 1 ሜትር ከ7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቁመት ያለው፣ መሬት ላይ የተተከለ ቀላል አጥር ነው፤ ድሮ እረኞች በጎቻቸውን ከሚያጥሩበት ተነቃይ አጥር የመጣ ነው። ፈረሱ ሲነካው ዘንበል ይላል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው፤ አጥሩ ስለሚበገር ፈረሱ ከፍ ብሎ መዝለሉን ይተወዋል። ዝቅ ብሎ፣ ጫፉን ጠረግ አድርጎ የሚያልፍ ፈረስ አየር ላይ የሚያጠፋው ጊዜ ትንሽ ስለሆነ በየመሰናክሉ ይተርፈዋል። ስምንት መሰናክል ላይ ሲደመር የትርፉ መጠን ቀላል አይደለም። ነገር ግን የስህተት ቦታው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ነው።

ርቀቱ 3,298 ሜትር ገደማ ነው፣ ከላሜቻ ግርማ ርቀት ብዙ አይበልጥም። በ2016 አኒ ፓወር ክብረ ወሰኑን ስታስመዘግብ በ3 ደቂቃ ከ45.10 ሴኮንድ ጨርሳዋለች፤ አማካይ ፍጥነቷ በሰዓት 52 ኪሎ ሜትር ከፍ ይላል። በዚህ ፍጥነት ሦስት እርምጃ ሲቀረው ፈረሱና ጋላቢው የሚነሱበትን ቦታ ለመምረጥ ያላቸው ጊዜ ከአንድ ሴኮንድ ተኩል አይበልጥም። ፈረሱ ከሩቅ ከተነሳ የኋላ እግሩ አጥሩን ይመታል። በጣም ተጠግቶ ከተነሳ የፊት እግሩ ይጋጫል፤ ባይወድቅ እንኳ ፍጥነቱ ይሰበራል። ሦስተኛው ደግሞ ዝላዩ አምሮ ሲያርፍ አፍንጫው ወደ መሬት የሚሄድበት ነው፤ ይህ የሚመጣው ፈረሱ ሲደክም ወይም ቁልቁል እየወረደ ሲዘል ነው። ላሜቻን ያስታወስኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በ7:52.11 የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ሆኖ ሳለ በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ፍጻሜ የመጨረሻው ዙር ላይ መሰናክል ጥሎታል። ያንን ያየ ሰው ፍጥነትና መሰናክልን አሳልፎ መጨረስ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም።

አሁን ወደ ተፎካካሪዎቹ እንምጣ። ኮንስቲቱሽን ሂል በ2023 ስቴት ማንን በዘጠኝ ርዝመት አሸንፎ ሻምፒዮን ሆኗል። ሁለቱም የተኮላሹ ወንዶች ስለሆኑ የተሸከሙት እኩል ነው፤ ዕድሜያቸው አምስትና ከዚያ በላይ የሆኑ ወንዶች ከነጋላቢው 74.4 ኪሎ ይጫናሉ። በ2024 ኮንስቲቱሽን ሂል በጤና ምክንያት ቀረ፣ ዋንጫው የስቴት ማን ሆነ። በዲሴምበር 2024 ኬምፕተን ላይ ተመልሶ ግራጫዋን ባዝራ ሎሲማውዝን በሁለት ርዝመት ተኩል ቀደማት።

እዚህ ላይ ስሌት እናስገባ። ባዝራዎች 3.2 ኪሎ ይቀነስላቸዋል። በፈረስ እሽቅድምድም ሰዎች ዘንድ በተለምዶ በዚህ ርቀት ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ክብደት፣ በነሱ መስፈሪያ አንድ ፓውንድ፣ እንደ አንድ ርዝመት ይቆጠራል፤ የባዝራዎቹ ቅናሽ እንግዲህ ሰባት ርዝመት ያህል ነው ማለት ነው። ሎሲማውዝ እኩል ብትሸከም ኖሮ ወደ ዘጠኝ ተኩል ርዝመት ትቀደም ነበር፤ ከ2023ቱ የስቴት ማን ሽንፈት ጋር ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ኮንስቲቱሽን ሂል ፍጥነቱ አልቀነሰም ያሉት በወረቀት ላይ ትክክል ነበሩ። በሌላ በኩል፣ ይኸው ስሌት ቅናሹን የያዘችው ሎሲማውዝ ከስቴት ማን ስድስት ርዝመት ያህል እንደምትሻል ይናገራል። ግን በፌብሩዋሪ 2025 የአየርላንድ ቻምፒየን ኸርድል ላይ ወደቀች፣ ስቴት ማን አሸነፈ፣ እሷም በቼልተናም ወደ ባዝራዎቹ ውድድር ተዛውራ እዚያ አሸነፈች። የሷ መቅረት ለጎልደን ኤስ ትልቅ በር ከፈተ።

የቅናሹ ነገር ሁሌም ያጨቃጭቃል። ከ1927 እስከ 2015 ያሸነፉ ባዝራዎች ሦስት ብቻ ናቸው፦ አፍሪካን ሲስተር በ1939፣ ዶውን ረን በ1984፣ ፍሌኪ ደቭ በ1994። ከ2016 እስከ 2025 ባሉት አሥር ውድድሮች ግን አምስቱን የወሰዱት ባዝራዎች ናቸው። አኒ ፓወር፣ ኤፓታንት፣ ሃኒሰክል ሁለት ጊዜ፣ ጎልደን ኤስ። ቅናሹ ይነሳ የሚሉ አሉ። እኔ ለውጡን የማየው ከቅናሹ ይልቅ ምርጥ ባዝራዎች በልምምድና በውድድር ላይ ከበፊቱ ይልቅ ብዙ ዓመት እንዲቆዩ መደረጋቸው ላይ ነው።

ሦስተኛዋ ተፎካካሪ የአሰልጣኙ የጎርደን ኤሊየት ባዝራ ብራይተርዴይዝአሄድ ነበረች። በዲሴምበር 2024 ሌፐርድስታውን ላይ በ30 ርዝመት አሸንፋለች፤ ስቴት ማን ሦስተኛ ነበር። ይህን ቁጥር ያየ ሁሉ ልቡ ተነሳ። ሆኖም ቁጥሩ ብቻውን ያሳስታል። በዚያ ቀን የጋጣ ባልደረባዋ ኪንግ ኦቭ ኪንግስፊልድ ከመነሻው ግልቢያውን አክርሮት ነበር። ስቴት ማን ከዊንተር ፎግ፣ በተለምዶ ከማይመጥነው ፈረስ፣ ኋላ መግባቱ ራሱ ምልክት ነው፤ መሪውን የተጠጋው ደክሟል፣ ከኋላ ቆየት ብሎ የመጣው ጉልበት ተርፎታል። ሰላሳ ርዝመት የአሸናፊዋን አቅም ብቻ አይለካም፣ የተሸናፊዎቹንም ድካም ይለካል። ቼልተናም ላይ አራተኛ ወጣች።

የቼልተናም ሜዳ ደግሞ ኬምፕተን አይደለም። ኬምፕተን ለጥ ያለ፣ በቀኝ የሚዞር ነው። ቼልተናም በግራ ይዞራል፣ ኮረብታውን ያወጣል፣ ከዚያ ቁልቁል ያወርዳል። ቁልቁለቱ ላይ ሁሉም ይፈጥናል፣ መሰናክሉም እዚያው ይጠብቃል። ከመጨረሻው መሰናክል በኋላ ደግሞ እስከ መግቢያው ዳገት ነው። አራት አምስት ፈረስ ብቻ በተሰለፈበት ውድድር ተዝናንቶ ያሸነፈን ፈረስ በዚህ ሜዳ ላይ ማመን ከባድ ነው፤ ማንም ገፍቶት አያውቅምና። ቪዲዮ የሚያይ ሰው ከመግቢያው ይልቅ ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ያሉትን መሰናክሎች ደጋግሞ ይይ። ጋላቢው ልጓሙን ሳይነካ ፈረሱ እርምጃውን ራሱ አስተካክሎ ይነሳል? ወደ አንድ ጎን ያጋድላል? ሲያርፍ ወዲያው ይቀጥላል ወይስ አንድ እርምጃ ያባክናል?

የ2025ቱ ነገር አዲስም አልነበረም። በ2019 ክርክሩ ሁሉ በሦስት ፈረሶች ላይ ነበር፦ ሁለት ጊዜ ያሸነፈው ቡቬር ዴር፣ አፕልስ ጄድና ሎሪና። ቡቬር ዴር ሦስተኛው መሰናክል ላይ ወደቀ፣ ሻርጃ የሚባለውንም ፈረስ ይዞት ወደቀ። ሁለቱ ባዝራዎች ደግሞ ክብደት ቢቀነስላቸውም ከሦስቱ ውስጥ አልገቡም። በ16 ለ 1 የተገመተው የአምስት ዓመቱ ኤስፕዋር ዳለን በ15 ርዝመት አሸነፈ። በ2014ም አወር ኮነር ሲወድቅ ከኋላው የነበረው ዘ ኒው ዋን ተሰናክሎበት ሦስተኛ ወጣ፤ አወር ኮነር በዚያ ውድቀት ሕይወቱ አልፏል። የሌላው ፈረስ አዘላለልም ስሌት ውስጥ መግባት አለበት የምለው ለዚህ ነው። በማይታመን ዘላይ ጭራ ላይ መጋለብ አደጋ አለው።

ኮንስቲቱሽን ሂል በ2025 የተገመተው 1 ለ 2 ነበር። ይህ ማለት ሁለት ብር ያስያዘ የሚያተርፈው አንድ ብር ነው፤ ሂሳቡ የሚያዋጣው ቢያንስ ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ካሸነፈ ነው። ፍጥነቱን ብቻ ካየን ይገባዋል እላለሁ። ነገር ግን ዝቅ ብሎ እየጠረገ የሚያልፍ፣ በዚያ ሰሞን ጥቂት ውድድር ብቻ ያየ፣ ሙሉ ጉልበቱን እንዲያወጣ ተገዶ የማያውቅ ፈረስ ነው፤ ለዚህ ሁሉ ከግምቱ የተቀነሰ ነገር አልነበረም። በቀጣዩ ወር ኤይንትሪ ላይ እንደገና ወደቀ፣ በኖቬምበር 2025 ኒውካስል ላይም ወደቀ። እዚያ ኒውካስል ላይ ዘ ኒው ላየን የተባለው ወጣት ተፎካካሪም ወድቋል፣ ያሸነፈችው ጎልደን ኤስ ናት።

እሷን የሚያሳይ መረጃ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። በማርች 2024፣ ገና ጀማሪ ሳለች፣ እዚያው ቼልተናም በጀማሪ ባዝራዎች ውድድር ዳገቱን ወጥታ ብራይተርዴይዝአሄድን ቀድማ ገብታለች። ከዓመት በኋላ ሁለቱ በአንድ መነሻ ላይ ሲቆሙ የተሸነፈችዋ ከሦስቱ ዋና ተፎካካሪዎች አንዷ ተባለች፤ ያሸነፈችዋ 25 ለ 1።