ፓምፑን ከማሳደጋችሁ በፊት ኮፓውን ክፈቱ

አዳማ ውስጥ ሞተር የሚያሻሽሉ ልጆች በዝተዋል። ደስ ይለኛል። ጋራዥ ሲመጡ ግን የብዙዎቹ የመጀመሪያ ጥያቄ «ትልቅ የዘይት ፓምፕ ከየት ላምጣ?» የሚል ነው። እኔ ደግሞ የዘይት ግፊት መለኪያ ጌጅ አስገብተህ ለክተሃል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ አልለካሁም ነው።

እኔ የምነዳው ኮሮላ ነው። የራሱን ሞተር አውርጄ ፎር ኤ ጂ ኢ የሚባለውን የቶዮታ ሞተር ገጥሜበታለሁ። 1,587 ሲሲ፣ 16 ቫልቭ፣ ሁለት ካምሻፍት ያለው፣ ዙር የሚወድ ሞተር ነው። የዘይት ፓምፑ ከሞተሩ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ የውስጡን ጥርስ በቀጥታ የሚያዞረው ክራንክሻፍቱ፣ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ፣ ራሱ ነው። ስለዚህ ሞተሩ በደቂቃ 7,500 ዙር ላይ ሲሆን ፓምፑም በሰከንድ 125 ጊዜ ይዞራል። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ።

ፓምፕ ግፊት አይሠራም። ፓምፕ ዘይት ይገፋል፣ በቃ። በእያንዳንዱ ዙር የሚወስደው መጠን የታወቀ ነው። ግፊቱ የሚፈጠረው ዘይቱ ክራንክሻፍቱ በሚዞርበት ብሮንዚናና በክራንክሻፍቱ መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት ለማለፍ ሲታገል ነው። ብሮንዚናው ከተበላ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ዘይቱ ዝም ብሎ ይፈሳል፣ ጌጁ ይወርዳል። ይሄኔ ትልቅ ፓምፕ ብትገጥሙ ጌጁ ከፍ ይላል፤ ብሮንዚናው ግን ያው የተበላው ነው።

አንድ ልጅ በቅርቡ መጣ። «ጋሼ፣ ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳልረግጥ፣ የዘይቷ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ፓምፑ ደክሟል ብለውኝ አዲስ ገዝቻለሁ» አለኝ።

«ፓምፑን እዚያ አስቀምጠው። መጀመሪያ ኮፓውን እናውርድ» አልኩት።

ዘይቱን አፍስሰን ኮፓውን፣ ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ማጠራቀሚያ፣ አወረድን። ፓምፑ ዘይት የሚስብባትን ቱቦ ጫፍ በባትሪ አበራንላት። ወንፊቷ ግማሽ በግማሽ በቀይ ሲሊኮን ተደፍናለች። ሞተሩን ከዚያ በፊት የገጠመው ሰው ኮፓው እንዳያፈስ ብሎ ሲሊኮኑን እንደ ማርማላታ ቀብቶታል። ትርፉ ወደ ውስጥ ወጥቶ፣ ደርቆ፣ ተቆራርጦ እዚያች ወንፊት ላይ ሄዶ ተለጥፏል። አንዱን ቁራጭ በመርፌ ስናወጣው የትል ያህል ይረዝማል። ልጁ አንስቶ መዳፉ ላይ አደረገውና ዝም ብሎ አየው።

«ታዲያ የገዛሁት ፓምፕስ?»

«ሳታቆሽሸው መልስላቸው።»

ወንፊቷን አጠብን፣ ኮፓውን በስሱ ቀብተን ገጠምን። መብራቷ ጠፋች። በነገራችን ላይ የዳሽቦርዷ ቀይ መብራት የምትበራው ግፊቱ እጅግ ሲወርድ ብቻ ነው። በከፍተኛ ዙር ላይ እሷን የሚጠብቅ ሰው ሞተሩን ይሰብራል። ለዚህ ነው ጌጅ ጌጅ የምለው። ለፎር ኤ ሞተሮች ቶዮታ የሚሰጠው ልክ በሞቀ ሞተር ሚኒሞ ላይ ቢያንስ 0.3 ኪሎ በካሬ ሴንቲሜትር፣ 3,000 ዙር ላይ ከ2.5 እስከ 5 ነው። መብራቷን የምታበራውን ሴንሰር ፈትታችሁ በዚያ ቀዳዳ በእጅ የሚነበብ ጌጅ አስገቡ። ሌላው ሁሉ ግምት ነው።

ጌጁ ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ በከፍተኛ ዙር መርፌው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። አዳማ የምንኖር ሰዎች ልናውቀው የሚገባ ነገር እዚህ ላይ አለ። ፓምፕ ዘይት «ይስባል» እንላለን እንጂ፣ ዘይቱን ከኮፓው ወደ ላይ የሚገፋው የአየር ግፊት ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ወደ 82 በመቶ ገደማ ነው። በዴራ፣ በኢተያ አድርጋችሁ አሰላ ስትወጡ ደግሞ ከ2,400 ሜትር ታልፋላችሁ፤ ግፊቱም ወደ 75 በመቶ ይወርዳል። ጃፓን ውስጥ በባሕር ዳርቻ የተፈተነ ፓምፕ እዚህ ቀደም ብሎ ዘይት ያጥረዋል። በሰከንድ 125 ጊዜ የሚዞረው ጥርስ የሚሞላበት ዘይት ካልደረሰለት ውስጡ የእንፋሎትና የአየር አረፋ ይፈጠራል። ካቪቴሽን የሚባለው ይሄ ነው። ትልቅ ፓምፕ ደግሞ በዚያችው ቱቦ የበለጠ ዘይት ስለሚፈልግ ነገሩን ያባብሰዋል። ወፍራም ዘይትም እንደዚያው። 20 ደብልዩ 50 ስለሞላችሁ ጌጁ ከፍ ቢል፣ ዘይቱ ቱቦውን ለመውጣት ግን የበለጠ ይቸገራል።

ስለዚህ እኔ ፓምፑን አላሳደግኩትም። አስተካከልኩት። ፈትቼ ጥርሶቹንና ቤቱን በቤንዚን አጠብኩ፣ ቀጥ ያለ ብረት አጋድሜበት በጥርሱና በብረቱ መካከል ያለውን ክፍተት በመለኪያ ምላጭ ለካሁ። ከ0.1 ሚሊሜትር በላይ ቢከፍት ኖሮ እጥለው ነበር። ዘይት የሚገባበት ቀዳዳ ላይ ከፋብሪካ የቀሩትን ሹል ጠርዞች በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ። የግፊት መልቀቂያውን ቫልቭ አውጥቼ ሳይነክስ ወዲያ ወዲህ እንዲንሸራተት አደረግኩ። ከቫልቩ ሞላ (ስፕሪንግ) ሥር አንዲት ቀጭን ሮንዴላ ጨመርኩ። ሮንዴላዋ የምትጠቅመው ለከፍተኛ ዙር ብቻ ነው፤ ቫልቩ የሚከፈትበትን ግፊት ታሳድጋለች። ሚኒሞ ላይ ቫልቩ ዝግ ስለሆነ እዚያ ምንም አትጨምርም። ሚኒሞ ላይ ግፊት አጥቶ ሮንዴላ የሚደራርብ ሰው በከንቱ ይደክማል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከላሜራ ነው። ቶርኖ ቤት ያለ ጋሼ የምለው ባለሙያ ለኮፓው ውስጥ መከፋፈያ ቆርጦ በየደልኝ፤ ወደ ቱቦዋ ብቻ የሚከፈቱ ትናንሽ በሮች አሉት። ጠመዝማዛ ላይ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ሲሸሽ በሮቹ ይዘጉበታል። የቱቦዋ አፍ ከኮፓው ወለል ከ6 እስከ 10 ሚሊሜትር ብቻ እንዲርቅ አድርገናል። አሁን የአሰላን አቀበት በሦስተኛ ማርሽ ስወጣ መርፌዋ ቀጥ ትላለች።

አንድ ነገር ግን አደራ። ክብደት ለመቀነስ ብላችሁ ክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለውን ጎማ ያለበት ፑሊ አታውጡ። ጎማው የክራንክሻፍቱን ንዝረት ይውጣል። እሱ ሲወገድ ንዝረቱን የሚቀበለው የፓምፑ ጥርስ ነው። የፋብሪካ ጥርስ ብዙ ጊዜ ከተጨመቀ የብረት ዱቄት የሚሠራ ስለሆነ ሲመታ ይሰነጠቃል። የኒሳን ስካይላይን አር ቢ 26 ሞተር በዚህ ስሙ የታወቀ ነው። ከድፍን ብረት የተቆረጠ ጥርስ መግዛት ትርጉም የሚኖረው እዚህ ነው፤ የሚገዛውም ለጥንካሬ እንጂ ለግፊት አይደለም።

ስትገጥሙ የፓምፑን ውስጥ በቫዝሊን ሙሉት። ባዶ ፓምፕ አየር እንጂ ዘይት አይስብም። ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ ጌጁ እስኪነሳ በሞተሪኖ አዙሩት፤ ካልተነሳ አቁሙና ፈልጉ እንጂ አታስነሱት። እኔ ድፍን ብረቱን ጥርስ የማዝዘው ዙሩን ከ8,000 በላይ ለማሳደግ የወሰንኩ ቀን ነው። ከዚያ በፊት የዘይት ማቀዝቀዣ እገጥማለሁ፤ የአዳማ ፀሐይ ላይ እሱ ይቀድማል።