መጀመሪያ የዕረፍቱን ቀን

ታይዋንን በብስክሌት ልዞራት ነው። ሙሉ ደሴቲቱን። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ በልቤ ይዤው የቆየሁት ነገር ነው፤ አሁን ካርታ ዘርግቼ ማቀድ ጀምሬያለሁ።

ድፍረቱን የሰጡኝ ኪንግ ሊዩ ናቸው፤ ጃያንት የተባለውን የብስክሌት ፋብሪካ በ1972 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ሰውዬ። በ2007 በ73 ዓመታቸው ደሴቲቱን ዞሯት። 80 ሲሞላቸው ደገሙት። ይህን ካወቅሁ በኋላ ዕድሜዬን ሰበብ ማድረግ ከበደኝ።

መንገዱ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ነው። የብስክሌት መስመር ቁጥር 1 ይሉታል፤ በ2015 ተከፈተ፤ ርዝመቱ ወደ 970 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ብዙ ሰው በ9 ወይም በ10 ቀን ይጨርሰዋል። በቀን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው።

ልጄ ይህን ሰምታ፣ «አባዬ፣ አንተስ በስንት ቀን ነው?» አለችኝ። እዚህ ላይ ነው ሐሳቤ የተቀየረው። ኪሎ ሜትሩን ለቀን ማካፈሉን ተውኩት። መጀመሪያ የዕረፍት ቀኖቹን ምልክት አደረግሁ፤ መንገዱን በመሐላቸው አስገባሁት። ሦስት ቀን ነድቼ አንድ ቀን አርፋለሁ። በቀን 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ። ወር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ይሙላ! ማን ያጣድፈኛል?

በዚህ ዕድሜ ጡንቻ የደከመውን ቶሎ አይመልስም። ውሃ ጥሙም ይቀንሳል፤ ሰውነት ውሃ እየጎደለው ጉሮሮ ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ እስኪጠማኝ አልጠብቅም፤ ሰዓት እያየሁ እጠጣለሁ።

ማርሹን አስቀይሬያለሁ። ፔዳሉ ጋር ያለው የፊቱ ትንሹ ጥርስ ከኋላው ጎማ ትልቁ ጥርስ ያነሰ ነው። ዳገት ላይ ቀስ እላለሁ፣ ግን እግሬ በቀላሉ ይሽከረከራል፤ ጉልበቴም አይጨነቅም። ድንኳን አልይዝም። እንቅልፌ አልጋ ይፈልጋል፤ ክብደቱም ይቀንስልኛል። ከባድ ከባዱን፣ መጠገኛውንና ውሃውን፣ በብስክሌቱ መሐል ዝቅ አድርጌ አስራለሁ። ቀላሉ ልብስ ከኮርቻው ኋላ ይሆናል።

ብዙ ያሳሰበኝ ነፋሱ ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም ታይፉን የሚባለው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ አለ፤ እሱን ጨርሶ አልነካውም። ከጥቅምት እስከ የካቲት ደግሞ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣ ነፋስ ይነፍሳል። ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ብዞር ባሕሩ በቀኜ ይሆናል፤ መኪናውም እዚያ በቀኝ ስለሚሄድ ከባሕሩ የሚለየኝ የመኪና መስመር የለም። ነፋሱ በምዕራቡ ዳርቻ ከኋላ እየገፋ ወደ ደቡብ ያወርደኛል። ደስ ይላል። ዋጋው የሚከፈለው በስተምሥራቅ ወደ ሰሜን ስመለስ ነው፤ ያው ነፋስ ፊቴ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ተጨማሪ የዕረፍት ቀን ያስቀመጥኩት በዚያ በኩል ነው።

በምሥራቁ ዳርቻ ካለችው ከታይቱንግ ከተማ በስተሰሜን ወዳለችው ኋሊየን ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በውቅያኖሱ ጠርዝ፣ ሌላው በሁለት የተራራ ሰንሰለቶች መሐል ባለው ሸለቆ። የባሕሩ ያምራል ይላሉ፤ አምናለሁ። እኔ ግን ሸለቆውን መርጫለሁ። ባቡሩ በዚያው ስለሚያልፍ፣ ሰውነቴ እንቢ ቢል ጣቢያ ቅርብ ነው።

ከኋሊየን ወደ ሰሜን እስከ ሱአኦ ከተማ ያለውን ገደልና ዋሻ የበዛበትን ቁራጭ በባቡር አልፈዋለሁ፤ ብዙ ሰውም እንዲሁ ያደርጋል። ልጄ «ታዲያ ዞርኩ ትላለህ?» ብላ ጠየቀችኝ። እላለሁ። ከከባድ መኪና ጋር ጨለማ ውስጥ መጋፋት ለዙሩ ምንም አይጨምርለትም።

በሚቀጥለው ሳምንት ቦርሳዎቹን ሞልቼ ሁለት ቀን ተከታትዬ እነዳለሁ። የመጀመሪያው ቀን ብዙ አያሳስበኝም። ማወቅ የምፈልገው በማግስቱ ጠዋት ኮርቻው ላይ ስወጣ የሚሰማኝን ነው፤ 50 ኪሎ ሜትሩ 40 መሆን ካለበት ካርታው ላይ ቦታ አለ።