«ትእዛዙን ይድገሙልኝ»

የመቶ መሪነትን በተረከብኩ በአምስተኛው ወር የደረሰብኝን ነገር ለጀማሪ መኮንኖች ስናገር ሁልጊዜ የምጀምረው ከተኩሱ ሳይሆን ዝም ካልኩባት አፍታ ነው።

ከቅኝት ስንመለስ ፊት ፊት ይሄድ የነበረው ወታደራችን የተቀበረ ፈንጂ ረግጦ ሞተ፤ ወዲያውም ከቁጥቋጦው ተኩስ ተከፈተብን። ጥቂት ተታኩሰን ተኳሾቹ ሲያፈገፍጉ አንዱን ጥለውት ሄዱ። ጭኑን ተመትቷል፤ መሣሪያው ከእጁ ርቆ ወድቋል። ሁለት መዳፎቹን ቁስሉ ላይ ደራርቦ ይጫናል፤ ደሙ ግን በጣቶቹ መካከል እየሾለከ ሱሪውን ያረጥበዋል። ከጽሑፍ በቀር ብዙም የማላውቀው ሕግ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1949 የጸደቁት የጄኔቫ ስምምነቶች፣ ስለዚህ ሰው የሚሉት ግልጽ ነው፤ መሣሪያውን ያጣና የቆሰለ ሰው ከውጊያ ውጭ ስለሆነ አይገደልም፣ አይሰቃይም፣ ይታከማል።

የሟቹ የቅርብ ጓደኛ የነበረው፣ በዕድሜም በጦር ሜዳ ልምድም ከእኔ እጅግ የሚበልጠው ሃምሳ አለቃ ጠጋ ብሎ፣ «መቶ አለቃ፣ እርስዎ ልጆቹን ይዘው ቀደም ይበሉ፤ እኔ እደርስብዎታለሁ» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ነገር ግን አልመለስኩለትም። የሚወደውን ሰው ገና አሁን ያጣን ሰው መቆጣት ከበደኝ፤ ደግሞም የእሱን ከበሬታ ማጣት ፈርቼ ነበር። በዚህ መካከል ከኋላዬ አንድ ወጣት ወታደር መሣሪያውን ሲያቀባብል ሰማሁ። ማንም አላዘዘውም። ዝምታዬን ፈቃድ አድርጎ ወሰደው እንጂ፤ በዚህም አልፈርድበትም፤ ምክንያቱም አለቃው ሰምቶ ዝም ሲል ለወታደሩ ፈቀደ ማለት ነው።

ሬድዮውን ተቀብዬ ለሻምበሉ አንድ ሰው እንደሞተብንና አንድ ቁስለኛ እንደማረክን አሳወቅሁ። «ሳይመሽ ግቡ፤ ሸክም እንዳያዘገይህ» አለኝ። ይህች ቃል ሁለት ትርጉም አላት፤ በዙሪያዬ የቆሙት ሁሉ ደግሞ አንደኛውን ትርጉም ብቻ መርጠው እንደሰሙ ከፊታቸው ታየኝ።

በሥልጠና ላይ የተማርነው የማይ ላይ ጭፍጨፋ ያኔ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 16 ቀን 1968 በቬትናም የአሜሪካ ወታደሮች መሣሪያ ያልያዙ መንደርተኞችን ሲፈጁ፣ በወታደሮቹ መካከል የነበረው ወጣት መኮንን ዊልያም ካሊ በኋላ ለፍርድ ሲቀርብ የሻምበሉን ትእዛዝ እንደፈጸመ ተናገረ፤ ሻምበሉ ኧርነስት ሜዲና ግን እንዲህ ያለ ትእዛዝ አልሰጠሁም አለ። በ1971 ካሊ ቢያንስ 22 ሰዎችን በመግደል ተፈረደበት፤ ሜዲና በነጻ ተለቀቀ። እኔን ያስጨነቀኝ ከሁለቱ ማን እውነቱን ተናገረ የሚለው አልነበረም፤ በአዛዥ አፍና በታዛዥ ጆሮ መካከል ያለው ያ ክፍተት ነበር፤ እኔም በዚያው ክፍተት ውስጥ ቆሜ ነበር።

«ጌታዬ፣ ትእዛዙን ይድገሙልኝ። ምርኮኛው መራመድ አይችልም። በቃሬዛ ይዤው ልምጣ? ባለሬድዮው መልስዎን እየጻፈ ነው።»

ሬድዮው ለአፍታ ዝም አለ። ከዚያ፣ «ይዘኸው ና» አለ። ሻምበሉ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ምናልባትም ያሰበው ስለ ዕቃችን ብቻ ይሆናል። የሚጸጽተኝ ሌላ ነው፤ ሬድዮውን ከማንሳቴ በፊት ራሴ መወሰን ነበረብኝ፤ ምክንያቱም መልሱ ሌላ ቢሆን ኖሮ እምቢ ማለት ግዴታዬ ነበር፤ እምቢ ለማለት ደግሞ ልቤን አላዘጋጀሁትም ነበር።

ወጣቱ ጥይቱን ከመሣሪያው እንዲያወጣ አዘዝኩት። የሕክምና ባለሙያችን የምርኮኛውን ጭን ከቁስሉ በላይ አጥብቆ አሰረው። ሃምሳ አለቃውን ከምርኮኛው ማራቅ ነበረብኝ፤ «ጓደኛህን አንተ ይዘኸው ትገባለህ» ብዬ የሟቹን ቃሬዛ በኃላፊነት ሰጠሁት። አላየኝም፤ ግን ሄደ። ሁለት ቃሬዛ እየተፈራረቅን ስንሸከም መሸብን፤ በጨለማ በዚያ መንገድ መጓዛችን ሁላችንንም ለአደጋ አጋልጦናል፤ ይህን አልደብቅም። የሕክምና ጣቢያው ስንደርስ ሐኪሙ ክንዱ ላይ ፍንጣሪ ያገኘውን የእኛን ልጅ አስቀምጦ ምርኮኛውን አስቀደመ፤ ልጆቹ አጉረመረሙ። የመጀመሪያው የጄኔቫ ስምምነት አንቀጽ 12 ቅድሚያ የሚያሰጠው የሕክምና አጣዳፊነት ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ይህንኑ በቀላል ቃል አስረዳኋቸው፤ ያመኑኝ ግን ሁሉም አልነበሩም።

ሃምሳ አለቃው ለብዙ ቀን ከሥራ ውጭ አላናገረኝም። ከሳምንታት በኋላ ሌላ ቁስለኛ ስንማርክ ግን በልጆቹ ሁሉ ፊት ወደ እኔ ዞረና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «መቶ አለቃ፣ ልጆቹ እንዲሰሙ ይንገሩን፤ ይዘነው ነው የምንሄደው?» አለኝ።

«አዎ፣ ይዘነው ነው» አልኩ። ቃሬዛውን የዘረጋው እሱ ነበር።