ፋርምቪል ደርሰን ከመጣን በኋላ

እኛ በሰሜን ቨርጂኒያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ወላጆች ልጅ ለማስመዝገብ የምንይዘው የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድና የቤት ኪራይ ውል ነው። የልጃችንን የቆዳ ቀለም አይቶ «የእናንተ ትምህርት ቤት ወዲያ ማዶ ነው» የሚለን የለም። ይህ መብት በማን ድካም እንደተገኘ ልጄ በቦታው ተገኝታ እንድታይ ስለፈለግሁ፣ ባለፈው ቅዳሜ በዚሁ በቨርጂኒያ ፕሪንስ ኤድዋርድ ካውንቲ ውስጥ ወደምትገኘው ፋርምቪል ይዣት ሄድሁ። በዚያ የነበረው «ሞተን» የተባለው የጥቁሮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። (የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕንፃው የተሠራው ለ180 ተማሪዎች ነበር፤ በ1951 ግን ከ450 በላይ ጥቁር ተማሪዎች ይማሩበት ነበር። የትምህርት ቦርዱ ቦታ ያጡትን ያስገባቸው ግቢው ውስጥ በጣውላና ሬንጅ በተቀባ ወረቀት ባቆማቸው ዳሶች ነው። ዝናብ ሲጥል ጣሪያው ያፈስሳል፤ በብርድ ጊዜ ምድጃው አጠገብ የተቀመጠው ልጅ ሲያልበው፣ ራቅ ያለው ካፖርቱን እንደለበሰ ይማራል። በሚያዝያ 23 ቀን 1951 የ16 ዓመቷ ባርባራ ጆንስና ጓደኞቿ ርእሰ መምህሩን በሐሰት የስልክ ጥሪ ከግቢ አስወጥተው ተማሪውን ሁሉ አዳራሽ ሰበሰቡ። ባርባራ መድረክ ላይ ወጥታ መምህራኑ እንዲወጡላት ጠየቀች፤ ከዚያም ተማሪዎቹን ለአድማ ጠራች። አዳራሹ ዛሬም አለ፤ ልጄ ከመድረኩ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆማ አየችው።

ልጆቹ መጀመሪያ የጠየቁት የተሻለ ሕንፃ ብቻ ነበር። ሊያነጋግሯቸው ከሪችመንድ የመጡት ጠበቆች ኦሊቨር ሂልና ስፖትስዉድ ሮቢንሰን ናቸው። ሁለቱም የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ምሩቃን ነበሩ፤ ሃዋርድ ዲሲ ስንሄድ እንጀራ ከምንገዛበት ሰፈር በእግር የሚደረስ ነው። በ1896 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያጸናው ሕግ ጥቁርና ነጭ ተለያይተው ቢስተናገዱም አገልግሎቱ እኩል ከሆነ ይበቃል ይል ስለነበር፣ ለጥቁሮች ትምህርት ቤት የተሻለ ሕንፃ መጠየቅ ያንን ሕግ ተቀብሎ መኖር ነበር። ስለዚህ ጠበቆቹ ቁርጡን ነገሯቸው፤ ክሱን የሚይዙት መለያየቱ ራሱ እንዲቀር የሚጠይቅ ከሆነና ወላጆች ከተስማሙ ብቻ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ይህ የወላጆች ስምምነት ነው። ኑሯቸው በነጭ ቀጣሪና በነጭ አበዳሪ እጅ የነበረ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሰብስበው፣ የልጆቻቸውን ስም በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ለማስፈር መወሰን ነበረባቸው። ወሰኑም። በግንቦት 23 ቀን በ117 ተማሪዎች ስም ክስ ተመሠረተ። ርእሰ መምህሩ ሥራውን አጣ፤ ባርባራንም ቤተሰቦቿ ለደኅንነቷ ሲሉ አላባማ ወደሚኖረው አጎቷ ላኳት። እኔ በእነርሱ ቦታ ብሆን የልጄን ስም እሰጥ ነበር ብዬ በድፍረት መናገር አልችልም።

በ1952 የፌዴራሉ ችሎት ፈረደባቸው። ካውንቲው በ1953 ለጥቁሮች አዲስና ጥሩ ሕንፃ ሠራ፤ ጥያቄያቸው ግን የሕንፃ ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ ስለነበር በይግባኙ ገፉ። መዝገባቸው ከካንሳስ፣ ከሳውዝ ካሮላይናና ከዴላዌር ከመጡት ጋር ተጣምሮ ታየ፤ በግንቦት 17 ቀን 1954 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘጠኝ ዳኞች በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆችን በዘር መለየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲሉ በአንድ ድምፅ ወሰኑ። በዚያው ቀን የዋሽንግተን ዲሲው መዝገብም ተመሳሳይ ውሳኔ አገኘ።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል፤ እኔ ግን ከዚህ በኋላ ያለውን ነው የበለጠ መናገር የሚገባ የሚመስለኝ። ፍርድ ቤቱ በ1955 ስለ አፈጻጸሙ ሲወስን ቀን ሳይቆርጥ በመተዉ ለእምቢተኞች በር ከፈተ። በ1959 ከእንግዲህ ማምለጫ እንደሌለ ሲታወቅ፣ የፕሪንስ ኤድዋርድ ካውንቲ ሹማምንት ጥቁርና ነጭ አብረው ከሚማሩ ብለው ለትምህርት ቤት የሚውለውን ግብር መሰብሰብ አቆሙና የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን በሙሉ ዘጉ። ያ አዲሱ ሕንፃ ሳይቀር ተቆለፈ። ለነጮቹ ልጆች ወዲያው የግል ትምህርት ቤት ተከፈተላቸው።

ልጄ እዚህ ላይ ስንደርስ «አባዬ፣ ታዲያ ልጆቹ አምስት ዓመት ሙሉ የት ዋሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥቂቶቹ ዘመድ ወዳለበት ሌላ ካውንቲ ወይም ሌላ ክፍለ ግዛት ተላኩ፤ ጥቂቶቹ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ፊደል ቆጠሩ፤ ብዙዎቹ ግን ወላጆቻቸውን እየረዱ በእርሻ ላይ ዋሉ። መፍትሔው የመጣው እንደገና በክስ ነው። በግንቦት 1964 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ትምህርት ቤቶቹ እንዲከፈቱ፣ ካስፈለገም ካውንቲው ግብር እንዲጥል ሊታዘዝ እንደሚችል ወሰነ። በሰባት ዓመቱ የተዘጋበት ልጅ ያኔ አሥራ ሁለት ሞልቶት ነበር፤ ሁለተኛ ደረጃ ላይ የነበሩት ደግሞ የትምህርት ዕድሜያቸው አልፏል።

በእነዚህ ሰዎች ስም የተገኘውን ፍርድ ልጄ ዛሬ በየማለዳው አውቶቡስ ስትሳፈር ትጠቀምበታለች፤ እነርሱ ግን በጊዜው አልደረሰላቸውም። የቨርጂኒያ ምክር ቤት በዚያ መዘጋት ትምህርታቸው ለተቋረጠባቸው የነፃ ትምህርት ዕድል የፈቀደው በ2004 ነው። በ1959 አንደኛ ክፍል ሊገባ ተዘጋጅቶ የነበረ ልጅ ያን ጊዜ ሃምሳ ዓመት አልፎት ነበር።