የሁዳዴ 55 ቀን ለወንድ ዘር አይበቃም

«ሁዳዴን ሙሉ የአልኮል ጠብታ አልቀመስኩም፤ ታዲያ ውጤቱ ለምን ወረደ?» ከፋሲካ በኋላ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ያደረገ ባል ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ችግሩ የቀን አቆጣጠሩ ላይ ነው። ጾሙ 55 ቀን ነው። አንድ ስፐርም ግን ቆለጥ ውስጥ ተሠርቶ ጅራት እስኪያወጣ 74 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ ከዚያም የመዋኘት አቅም የሚያገኝበትን ጥምዝምዝ ቀጭን ቱቦ ለማለፍ እስከ ሁለት ሳምንት ይጨምራል። ሲደመር 3 ወር ያህል ነው። እናም በፋሲካ ማግስት ብልቃጥ ውስጥ የገባው ናሙና መሠራት የጀመረው በጥር፣ ሰርግ በሰርግ ላይ በተደራረበበት ሰሞን ነው። ቅበላ ሲደርስ እንኳ ገና መንገዱን አላጋመሰም።

አልኮል ጉዳቱን የሚያደርሰው በአንድ በኩል ብቻ አይደለም። አንጎል ለቆለጥ የሚልከውን የሆርሞን ትእዛዝ ያዳክማል፤ ቴስቶስትሮን የሚያመርቱትን ህዋሳትም በቀጥታ ይጎዳል። ለዓመታት በብዛት ሲጠጣ ደግሞ ጉበት ይደክምና ኤስትሮጅንን በአግባቡ ማስወገድ ያቅተዋል፤ አንዳንድ ከባድ ጠጪዎች ጡት የሚያወጡትና ቆለጣቸው የሚያንሰው በከፊል በዚህ ነው። ስፐርሙ ተሸክሞት የሚሄደው ዲኤንኤ ሊሰባበርም ይችላል፤ ይህን ደግሞ መጠን፣ ቁጥር፣ እንቅስቃሴና ቅርጽ የሚያየው የተለመደው ምርመራ አያሳየውም። «ስንፈተ ወሲብ የለብኝም» ማለትም መልስ አይሆንም፤ ብልት መቆሙና ዘር ጤነኛ መሆኑ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

ስንት ቢጠጣ ነው የሚጎዳው? በብርጭቆ ከመቁጠር በግራም ማስላት ይሻላል፤ ሚሊ ሊትሩን በአልኮሉ መቶኛ፣ ከዚያም በ0.789 ማባዛት ነው። 5 በመቶ የሆነ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ይወጣዋል። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ጃምቦ ወደ 20 ይጠጋል። 45 በመቶ የሆነ 50 ሚሊ ሊትር አረቄ 18 ግራም ገደማ ነው። ጠላና ጠጅ ላይ ሂሳቡ ይበላሻል፤ ጥንካሬያቸው ከቤት ቤት ይለያያል፣ ብርሌው ላይ መቶኛ የጻፈ ደግሞ የለም።

በ2014 የታተመ የዴንማርክ ጥናት 1,221 ወጣት ወንዶችን መርምሮ፣ በሳምንት ከ5 መለኪያ በላይ በሚጠጡት ላይ የዘር ጥራት ዝቅ ማለት እንደሚጀምር፣ ከ25 በላይ ሲሆን ደግሞ ልዩነቱ በግልጽ እንደሚታይ አሳይቷል። የዴንማርክ አንድ መለኪያ 12 ግራም ነው፤ ስለዚህ 25ቱ ወደ 23 ጠርሙስ ቢራ ይሆናል። ጥናቱ የሁለቱን ተያያዥነት እንጂ ምክንያትነትን አላረጋገጠም፤ እሑድ አንድ ቢራ የሚጠጣን ሰው በዚህ ማስፈራራት ተገቢ አይመስለኝም። ይልቅ የሚያሳስበው ጨብሲ ነው። ጫት የቃመ ሰው ምርቃናውን ለመስበር ሲጠጣ ስካሩ ቶሎ ስለማይሰማው ስንተኛው ላይ እንዳለ አያውቅም፤ ሲጋራው ደግሞ በላዩ አለ።

ናሙና ሲሰጥ የሚበላሸው ብዙ ነው። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነትም ሆነ በሌላ መንገድ ዘር ከማፍሰስ መቆጠብ ያስፈልጋል፤ ከዚያ ከረዘመ ያረጀውና የሞተው ይበዛል። የመጀመሪያው ጠብታ ከፈሰሰ ለላብራቶሪው መንገር ግድ ነው፤ አብዛኛው ስፐርም ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ተራ ኮንዶም፣ ሳሙና፣ ምራቅ አይነካውም። ናሙናው የተሰጠው ቤት ውስጥ ከሆነ ላብራቶሪው ጋ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል በ30 ደቂቃ፣ ከሰውነት ጋር ተጠግቶ በውስጥ ኪስ ይደርሳል፤ ፍሪጅ ውስጥ አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው የታችኛው ወሰን መጠኑ 1.4 ሚሊ ሊትር፣ በሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ስፐርም፣ የሚንቀሳቀሰው 42 በመቶ፣ ቅርጹ ያማረው 4 በመቶ ነው። አዎ፣ 4፤ ወረቀቱ ላይ ይህን አይቶ የደነገጠ ይረጋጋ።

ውጤቱ ከወረደ ሁለተኛው ምርመራ የሚቆጠረው ከመጨረሻው ብርጭቆ 90 ቀን ነው። መሐል ላይ ወባ ወይም ሌላ ከባድ ትኩሳት ካገኘዎት ቆጠራው ትኩሳቱ ከለቀቀበት ቀን እንደገና ይጀምራል። በየቀኑ በብዛት የሚጠጣ ሰው ግን በአንድ ቀን በራሱ ፈቃድ እርግፍ አድርጎ አይተው፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት እጅ መንቀጥቀጥ፣ የሌለ ነገር ማየት፣ እንደሚጥል በሽታ መውደቅ ሊመጣ ይችላል፤ ሊገድልም ይችላል። ይህ በሐኪም ክትትል የሚሠራ ሥራ ነው።

ሌላው ስህተት «ወንድነትን ለመመለስ» ተብሎ የሚወሰደው የቴስቶስትሮን መርፌ ነው። ከውጭ የገባው ሆርሞን አንጎልን «በቂ አለ» ብሎ ያታልለውና የስፐርም ሥራውን ያስቆማል፤ ከተቋረጠ በኋላም ለመመለስ ወራት ይፈጃል። ሐኪምዎ መርፌውን ከመጻፉ በፊት ልጅ እንደሚፈልጉ ይወቅ።