ነጥብ ኢቲኤች የማን ነው?

ከኢንተርኔቱ የጋራ መዝገብ ውጭ የድረ ገጽ አድራሻዎችን (የዶሜን ስሞችን) የሚመዘግቡ አማራጭ ሥርዓቶችን በተመለከተ ለዓመታት ሲካሄድ የቆየው ክርክር ለእኛ ሩቅ ቢመስልም፣ በሦስት የላቲን ፊደላት ምክንያት ደጃችን ደርሷል። ኢ፣ ቲ እና ኤች አይሶ 3166 በተባለው ዓለም አቀፍ የአገር መለያዎች ደረጃ መሠረት የኢትዮጵያ ባለሦስት ፊደል መለያ ናቸው፤ ሆኖም ኢቴሪየም በተባለው ብሎክቼይን (በብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ በሚያዝ ዲጂታል መዝገብ) ላይ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረው የስም አገልግሎት የሚሸጣቸው ስሞች የሚጨርሱት በእነዚሁ ፊደላት ነው።

እዚህ ለገጣፎ የቤት ዕቃ የሚሠራ አንድ ወጣት «ጋሼ፣ ነጥብ ኢቲኤች የአገራችን አይደል? ለሱቁ ልግዛው ወይ?» ብሎ ጠይቆኛል። የአገራችን ነጥብ ኢቲ ነው። ነጥብ ኢቲኤችን በሱቁ ሰሌዳ ላይ ቢያጽፈው፣ አብዛኛው ደንበኛ በስልኩ ሲሞክረው ገጹ አይከፈትለትም። የስልኩ ጥያቄ የሚመራው ከኤ እስከ ኤም ባሉ ፊደላት በሚጠሩት 13 የሥር ሰርቨር (የአድራሻ ፍለጋ የሚጀምርበት ኮምፒውተር) አድራሻዎች በሚታወቀው የጋራ መዝገብ ሲሆን፣ በዚያ መዝገብ ውስጥ ነጥብ ኢቲኤች የሚባል ነገር የለም። ልዩ ብራውዘር ወይም ተጨማሪ ፕሮግራም ጫን ተብሎ የሚለመን ደንበኛ ደግሞ ወንበር ሊገዛ የመጣ አይመስለኝም።

የአማራጭ ሥር፣ ማለትም ከጋራው የተለየ መዝገብ፣ ደጋፊዎች ቅሬታ መሠረት የለውም አልልም። የጋራው መዝገብ እ.ኤ.አ. እስከ ሴፕቴምበር 2016 ማብቂያ ድረስ በአሜሪካ የንግድ ሚኒስቴር የበላይ ጠባቂነት ሥር ነበር፤ ከላቲን ውጭ ባሉ ፊደላት የተጻፉ የአገር ስሞችም ወደዚያ የገቡት ገና እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ይሁን እንጂ መፍትሔ ብለው ያቀረቡት ነገር ስምን ስም የሚያደርገውን ባሕርይ፣ ማለትም ለጠየቀው ሁሉ አንድ መልስ መስጠቱን፣ ያጠፋዋል። ነጥብ ቢዝ ለዚህ ምስክር ነው፤ የጋራውን መዝገብ የሚያስተዳድረው ድርጅት አይካን እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ መዝገቡ እንዲገባ ሲመርጠው፣ ከእርሱ ውጭ ያሉ ሰዎች በዚሁ ስም ቀድመው ደንበኛ ይመዘግቡ ስለነበር፣ አንድ አድራሻ እንደ ተጠየቀው ሥር ሁለት ባለቤት ሊኖረው ቻለ።

ሌላው ጉዳይ ዳኝነት ነው። ኔምኮይን የተባለው ሌላ ብሎክቼይን ነጥብ ቢትን ያቀረበው ማንም ሊሰርዘው የማይችል ስም ነው በሚል ነበር። ራሱ የአማራጭ ሥር አራማጅ የሆነው ኦፕንኒክ ግን እ.ኤ.አ. በ2019 አገልግሎቱን ለነጥብ ቢት አቋረጠ፤ ምክንያቱም የተንኮል ፕሮግራም አሰራጮች መሸሸጊያ አድርገውት ነበር። ዳኛ አያስፈልገንም ያሉት ሰዎች፣ ክፋቱ ሲበዛ፣ ራሳቸው ዳኛ ሆኑ።

አይካን እ.ኤ.አ. ለ2012 የአዳዲስ ስም መጨረሻዎች ማመልከቻ ዙር ባወጣው የአመልካቾች መመሪያ ባለሦስት ፊደል የአገር መለያዎችን ለማንም እንደማይሰጥ ደንግጓል፤ ስለዚህ ነጥብ ኢቲኤች ወደ ጋራው መዝገብ መግባት የሚችለው ይህን የመሰለው ክልከላ ከተነሣ ብቻ ነው። ይነሣ የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ መንግሥታት ድምፃቸውን የሚያሰሙበት የአይካን አማካሪ ኮሚቴ አለ፤ በዚያ መድረክ ስለ እነዚህ ሦስት ፊደላት መናገር ያለበት የኢትዮጵያ ወኪል እንጂ የስም ነጋዴ አይደለም።